ሦስት ፕሮፎርማ ሰብስቦ ሩዝ መግዛት እስከ መቼ?

ኅዳር አልፎ ታኅሣሥ ሲገባ የወረታ ከተማ ወሬም ሥራም ሩዝ ነው። በፎገራ ሜዳ የታጨደው ምርት በአህያና በጋሪ፣ በባጃጅና በአይሱዙ እየተጫነ ወደ መፈልፈያ ቤቶቹ ይጎርፋል። ደላላው ስልኩን ከጆሮው አያወርድም። በዚያው ሳምንት አዲስ አበባ ውስጥ የሠራተኞች ክበብ ያለው አንድ ፋብሪካ ሩዝ ይገዛል። የግዥ ሠራተኛው ሦስት ፕሮፎርማ ይሰበስባል፤ ከሦስቱ ዝቅተኛው ዋጋ ይሰመርበታል፤ ኮሚቴው ይፈርማል፤ ከመርካቶ የሕንድ ወይም የፓኪስታን ሩዝ ተጭኖ ይመጣል። በሚቀጥለው ወርም እንዲሁ ይደረጋል።

ሁለቱ ገበያዎች አይተዋወቁም። አንደኛው ጥሩ ገዢ አጥቶ ምርቱን በመኸር ወቅት በርካሽ ይለቃል፤ ሌላኛው በውጭ ምንዛሪ የተገዛ እህል በየወሩ እየተወደደበት ይሸምታል። ለዚህ ጥፋተኛው መንገዱ ነው፣ ምርምሩ ነው፣ ገበሬው ነው ሲባል ይሰማል። ሁሉም የየራሳቸው ድርሻ ቢኖራቸውም ስሙ የማይነሣ አንድ ባለድርሻ አለ፤ እርሱም የየድርጅቱ የግዥ ክፍል ነው።

በአገራችን የንግድ ድርጅቶች ዘንድ ስለ አዲስ አሠራር ሲነሣ የሚታሰበው የሽያጭ ክፍሉ፣ የምርት ክፍሉ ወይም ኮምፒዩተሩ ነው። ግዥ ግን ወረቀት የሚያዞር ክፍል ተደርጎ ይቆጠራል። ይሁንና አንድ ሆቴል፣ አንድ የምግብ ፋብሪካ ወይም አንድ የእርሻ ግብዓት አስመጪ ከሚያንቀሳቅሰው ገንዘብ ከፍተኛውን ድርሻ የሚያወጣው ይኸው ክፍል ነው። በሽያጭ አንድ ብር ትርፍ ለማግኘት ብዙ ብር መሸጥ ያስፈልጋል፤ በግዥ የዳነች አንድ ብር ግን ሙሉ በሙሉ ትርፍ ናት። የፎገራ ሩዝ ይህን ለመመርመር የሚያመች ምሳሌ ነው።

ፎገራ ምን አላት?

የፎገራ ሜዳ ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ የተዘረጋ፣ የርብና የጉማራ ወንዞች በክረምት እየሞሉ የሚያጥለቀልቁት ረግረጋማ ጥቁር አፈር ነው። በድሮው ጊዜ ስሙ የሚነሣው በፎገራ የከብት ዝርያ፣ በወተቱና በኑጉ ነበር። ሩዝ የገባው በደርግ ዘመን በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ድጋፍ ሲሆን ሙከራው የተጀመረው በጅግናና በሻጋ የገበሬዎች የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ውስጥ ነው። ማኅበራቱ ቢፈርሱም ገበሬው ዘሩን አልጣለም። ‹‹ኤክስ-ጅግና›› የሚባለው ዝርያ በቦታው ስም ተጠርቶ ከገበሬ ወደ ገበሬ እየተላለፈ ሜዳውን አዳረሰ። ውኃ ተኝቶበት ሌላ እህል የማያበቅለው መሬት ዋጋ አወጣ።

መንግሥትም ከሺህ ዓመቱ ዋዜማ ጀምሮ ሩዝን ‹‹የሚሌኒየም ሰብል›› ብሎ ሰየመው። እ.ኤ.አ. ከ2010 እስከ 2019 የሚዘልቅ አገር አቀፍ የሩዝ ስትራቴጂ ወጣ። ወረታ ላይ በኢትዮጵያ የግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት ሥር የፎገራ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል ተቋቋመ። የጃፓኑ ጃይካም ገባበት። እንደ ሻጋና ፎገራ-1 ያሉ የተሻሻሉ ዝርያዎች ተለቀቁ። የከተማዋ አቀማመጥም ቢሆን ለነጋዴ የተሠራ ይመስላል። ወረታ በባሕር ዳርና በጎንደር መካከል ያለች ሲሆን ወደ ደብረ ታቦርና ወልድያ የሚወስደው መንገድ የሚገነጠለውም ከእርሷ ነው። ደረቅ ወደብም አላት።

ስለዚህ ምርት አለ፣ ምርምር አለ፣ መፈልፈያ አለ፣ መንገድ አለ። የጎደለው ምን እንደሚፈልግ ጽፎ የሚሰጥ፣ የጻፈውን ሲያገኝ ደግሞ ተጨማሪ ዋጋ የሚከፍል ትልቅ ገዢ ነው።

ሩዙ ለምን ይሰበራል?

የአዲስ አበባ ገዢዎች በፎገራ ሩዝ ላይ የሚያቀርቡት ቅሬታ የታወቀ ነው። ስብርባሪ ይበዛዋል፤ ጠጠርና አፈር አለበት፤ አንዱ ፍሬ ረጅም ሌላው አጭር በመሆኑ እኩል አይበስልም። ቅሬታው እውነት ነው። ሆኖም ምክንያቱ በሩዙ ተፈጥሮ ላይ ብቻ የሚላከክ አይደለም።

የሩዝ ፍሬ የሚሰበረው አብዛኛውን ጊዜ ገና መፈልፈያ ከመግባቱ በፊት ነው። ቆሞ ከሚገባው በላይ የደረቀ፣ ታጭዶ መሬት ላይ የተሰጣ፣ ቀን በፀሐይ ደርቆ ሌሊት በጤዛ የረጠበ ፍሬ ውስጡ ይሰነጠቃል። ለመጋዘንም ሆነ ለመፈልፈያ የሚመከረው እርጥበት 14 በመቶ ገደማ ነው፤ ይህን የሚለካ መሣሪያ ግን በገበሬውም በደላላውም እጅ እምብዛም አይገኝም። የተለያዩ ዝርያዎች በአንድ ጆንያ ሲገቡ ደግሞ መፈልፈያው ለአንዱ ፍሬ ልክ ሲስተካከል ሌላውን ይሰብራል።

ቀጥሎ ማሽኑ አለ። ብረት በብረት እየፈተገ በአንድ ጊዜ ቅርፊቱንም ፉርሽካውንም የሚያወጣው አሮጌው የእንግልበርግ ዓይነት መፈልፈያ፣ ዓለም አቀፉ የሩዝ ምርምር ተቋም እንደሚያስተምረው፣ ከ100 ኪሎ ያልተፈለፈለ ሩዝ ከ53 እስከ 55 ኪሎ ብቻ ይሰጣል፤ ከዚያም ውስጥ ሳይሰበር የሚወጣው 30 በመቶ ገደማው ብቻ ነው። በጎማ ሮለር የሚፈለፍለውና ቀጥሎ የሚያጣራው ዘመናዊ ወፍጮ ከ65 እስከ 70 ኪሎ ያወጣል። አንድ ገዢ 100 ኩንታል ነጭ ሩዝ ቢፈልግ በመጀመሪያው 182 ኩንታል፣ በሁለተኛው 154 ኩንታል ያልተፈለፈለ ሩዝ ያስፈልገዋል ማለት ነው። የ28 ኩንታል ልዩነት የሚከፈለው ከገበሬው፣ ከወፍጮ ባለቤቱና ከገዢው ኪስ ነው።

ለመሆኑ የወፍጮ ባለቤቱ ለምን የተሻለ ማሽን አያስገባም? መልሱ ከገዢው ዘንድ ይገኛል። ስብርባሪው ለእንጀራ ከጤፍ ጋር ይደባለቃል፤ ለጠላና ለአረቄም ይሄዳል፤ ሁሉም ገዢ ያገኛል። ሙሉ ፍሬ ለይቶ ላቀረበ ሰው የተለየ ዋጋ በቋሚነት የሚከፍል ደንበኛ በሌለበት ገበያ ለጎማ ሮለር መበደር ኪሳራ ነው። ‹‹በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል›› እንደሚባለው፣ አዲስ አበባ ላይ ያለው ገዢ የአገሩን ሩዝ አንዴ ሞክሮ ጠጠር ካገኘበት ደግሞ አይመለስም። ለምን ጠጠር እንደ ገባበት የጠየቀ፣ ጠጠሩን ላወጣ ሰው ምን እንደሚከፍል የተናገረ የለም።

ዝቅተኛው ዋጋ ርካሽ ነውን?

የግዥ ክፍሉ ልማድ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት የተወረሰ ነው። የመንግሥት ግዥ በአዋጅ ቁጥር 649/2001 ይመራ ነበር፤ በ2016 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1333/2016 ተተክቶበታል። የመንግሥት ገንዘብ የሚያወጣ ሁሉ በውድድር መግዛቱ ተገቢ ነው። የሚያስገርመው ግን አዋጁ የማይመለከተው የግል ድርጅት ጭምር የአሠራሩን ቅርፊት ይዞ ፍሬውን መጣሉ ነው። በሕጉ ውስጥ የማዕቀፍ ስምምነት አለ፣ የጥራት መመዘኛ አለ፣ ለአገር ውስጥ ምርት ልዩ አስተያየት ማድረግ አለ። የግል ድርጅቱ የወሰደው ግን ሦስቱን ፕሮፎርማ ነው።

ዝቅተኛው ዋጋ ርካሽ ላይሆን እንደሚችል በቀላል ሒሳብ ማየት ይቻላል። ለምሳሌ አንዱ አቅራቢ ሩዝ በኪሎ 100 ብር፣ ሌላው 105 ብር አቀረቡ እንበል። የመጀመሪያው ሲበጠር፣ ሲለቀምና ሲታጠብ 8 በመቶ ይጎድላል፤ የሁለተኛው 2 በመቶ ብቻ ነው። ድስት ውስጥ የሚገባው ሩዝ በመጀመሪያው 108 ብር ከ70 ሣንቲም፣ በሁለተኛው 107 ብር ከ14 ሣንቲም ይሆናል። በዓመት 600 ኩንታል ለሚያበስል ድርጅት ልዩነቱ 93 ሺህ ብር ገደማ ነው። ጠጠር የሚለቅሙት ሠራተኞች ደመወዝ ገና አልተጨመረም። የግዥ ኮሚቴው ቃለ ጉባኤ ግን 5 ብር እንዳዳነ ተደርጎ ይፈረማል።

የግዥ ሠራተኛው ይህን ሒሳብ ሳያውቀው ቀርቶ አይደለም። የሚያበስለው፣ መጋዘን የሚጠብቀውና ሒሳብ የሚይዘው በየፊናቸው ስለሆኑ ሒሳቡ በአንድ ጠረጴዛ ላይ አይሠራም። ከዚህ የሚከፋው ደግሞ የሹመትና የቅጣቱ አያያዝ ነው። ሠራተኛው ዝቅተኛውን ገዝቶ ሩዙ ቢበላሽ ‹‹ፕሮፎርማው ይኸው›› ብሎ ነፃ ይወጣል። ከወረታ በቀጥታ ገዝቶ ለድርጅቱ ገንዘብ ቢያድን የሚያመሰግነው የለም። ሙከራው ቢከሽፍበት ግን ‹‹ከአቅራቢው ጋር ምን ቢኖረው ነው?›› ይባላል፤ ኦዲተር ይላክበታል። በእንዲህ ያለ ቤት አዲስ ነገር የሚሞክር ሰው ቢጠፋ አይደንቅም።

ቢራ ጠማቂዎቹ የሄዱበት መንገድ

የግዥ ክፍል ከጠረጴዛው ተነሥቶ ማሳ ድረስ ሊሄድ እንደሚችል በአገራችን ታይቷል። ሄኒከን እ.ኤ.አ. በ2011 የሐረርና የበደሌ ቢራ ፋብሪካዎችን ሲገዛ የኢትዮጵያ ቢራ ኢንዱስትሪ ብቅሉን በከፊል ከውጭ ያስመጣ ነበር። ገብስ በደጋው ሁሉ ይበቅላል፤ ለቢራ የሚሆን ጥራት ያለው ግን በቂ አልነበረም። ኩባንያው የሚፈልገው ገብስ እስኪመጣ ቁጭ ብሎ አልጠበቀም። እ.ኤ.አ. በ2013 ዩኮርድ ከተባለው ድርጅት ጋር ‹‹ክሪኤት›› የተሰኘውን ፕሮጀክት ጀመረ። ትራቬለርና ግሬስ የተባሉ የቢራ ገብስ ዝርያዎች ወደ ገበሬው እንዲደርሱ አደረገ፤ ዘርና ምክር ይዞ ገባ፤ ምርቱንም በጥራት መመዘኛ ገዛ። ሌሎች ጠማቂዎችም ተከተሉ። በኋላም የፈረንሳዩ ሱፍሌ በቦሌ ለሚ፣ ቡርትሞልት ደግሞ በደብረ ብርሃን የብቅል ፋብሪካ ተከሉ። ብቅል ፋብሪካ የሚመጣው አስተማማኝ ገብስ ሲኖር ነው፤ ገብሱን ያስገኘው ደግሞ ገዢው አስቀድሞ የገባው ውል ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ የዓለም ምግብ ፕሮግራም ነው። ይህ ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2008 እስከ 2013 ኢትዮጵያን ጨምሮ በ20 አገሮች ከአነስተኛ ገበሬዎች የመግዛት ሙከራ አካሂዷል። በተለመደው ጨረታ ዩኒየኖች ከትልልቅ ነጋዴዎች ጋር መወዳደር አይችሉም ነበር። ስለዚህ በኢትዮጵያ ከመኸር በፊት የሚፈረም፣ ወደ ፊት የማስረከብ ግዴታ ያለበት ውል ተዘጋጀ። ዩኒየኖቹ ውሉን ይዘው ወደ ባንክ ሄዱ፤ ባንኩም ገዢው ማን እንደሆነ አይቶ አበደረ። አንድ ወረቀት መልኩ ሲለወጥ ገንዘብ የማያገኘው ገንዘብ አገኘ።

የውጭውን ዓለም ልምድ ለሚፈልግ የቶዮታ ታሪክ አለ። ቶዮታ ዕቃ የሚያቀርቡለትን ድርጅቶች በየጊዜው እየለዋወጠ ዋጋ ከማስቆረጥ ይልቅ የራሱን ባለሙያዎች ወደ አቅራቢዎቹ ፋብሪካ ልኮ ብክነት እንዲቀንሱ ያስተምራል፤ ከቀነሰው ወጪ ሁለቱም ይጠቀማሉ። በ2004 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ሲቋቋም የዚሁ ትምህርት አንድ ክፍል ወደ አገራችን ገብቷል። ይሁንና ካይዘን በብዙዎቹ ፋብሪካዎች የማሽኑን ዙሪያ አጽድቶ፣ መሣሪያዎችን በቀለም ለይቶ፣ የግዥ ክፍሉ በር ላይ ሲደርስ ቆሟል።

አሁን ለምን?

አሁን ሒሳቡ ተለውጧል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው የአንድ ዶላር የባንክ ዋጋ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ከውጭ የሚገባ ሩዝ የገዛ ሁሉ ይህን ልዩነት ከፍሏል። ከዚያ በፊትም እ.ኤ.አ. በጁላይ 2023 የዓለምን የሩዝ ንግድ 40 በመቶ ገደማ የያዘችው ሕንድ ባስማቲ ያልሆነ ነጭ ሩዝ ወደ ውጭ እንዳይወጣ አግዳ ነበር። እገዳው የተነሣው እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2024 ነው። አንድ የግዥ ክፍል በዓመት ውስጥ ሊገጥመው የሚችለውን ሁለቱንም አደጋ፣ የምንዛሪንና የአቅርቦትን፣ ገበያው በተከታታይ አሳይቷል። ሁለተኛ ምንጭ የሌለው ገዢ ዋጋ ተቀባይ ሆኖ ይቀራል።

ሕጉም ቢሆን ከቀድሞው ይልቅ ያመቻል። የግብርና ምርት ውል አዋጅ ቁጥር 1289/2015 ገበሬው ሳይዘራ ከአስመራች ጋር ውል የሚገባበትን ሥርዓት ደንግጓል። በተንቀሳቃሽ ንብረት መያዣ የሚሰጥ ዋስትናን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ደግሞ ቤትና ሕንፃ የሌለው ሰው በእህልና በዕቃ ክምችት ላይ የሚበደርበትን በር ከፍቷል። ሕጎቹ ወጥተዋል፤ የሚጠቀምባቸው ገዢ ነው የሚጠበቀው።

ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ ስፔሲፊኬሽኑ ይለወጥ። ‹‹ጥራቱን የጠበቀ አንደኛ ደረጃ ሩዝ›› የሚል ጽሑፍ ምንም አይናገርም፤ የንግድ ምልክት ጠቅሶ መጠየቅም ውድድርን ይዘጋል። የእርጥበቱ መጠን፣ የስብርባሪው መቶኛ፣ ጠጠርና ባዕድ ነገር ከስንት እንዳይበልጥ፣ ዝርያው አንድ ዓይነት መሆኑ በቁጥር ይጻፍ። ለሠራተኛ ክበብ ወጥና ለሆቴል ፒላፍ የሚያስፈልገው ሩዝ አንድ ስላልሆነ ለየብቻ ይጠየቅ። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ የሰሊጥና የቡና ነጋዴው ዕቃውን ሳያይ በደረጃ መግዛት ለምዷል። ደረጃ የሚሠራው ገዢው ሲያምንበትና ሲከፍልበት መሆኑን የጎንደርና የመተማ ሰሊጥ ነጋዴዎች ሊመሰክሩ ይችላሉ።

ሁለተኛ፣ በኪሎ ዋጋ ሳይሆን ድስት ውስጥ በሚገባው ዋጋ ይወዳደር። ለዚህ የግዥ ሠራተኛው ብቻውን አይበቃም። የወጥ ቤት ኃላፊው፣ መጋዘን ጠባቂውና ሒሳብ ክፍሉ በአንድ ቡድን ይቀመጡ። ከእያንዳንዱ አቅራቢ 5 ኪሎ ናሙና ተወስዶ ይበጠር፣ ይመዘን፣ ይብሰል፤ ውጤቱ ከቃለ ጉባኤው ጋር ይያያዝ። ይህ የሚጠይቀው ሚዛንና ግማሽ ቀን ብቻ ነው። ከዚህም በላይ ነገ ኦዲተር ሲመጣ ከሦስት ፕሮፎርማ የበለጠ ማስረጃ ይሆናል።

ሦስተኛ፣ የግዥው ቀን ይታሰብበት። ሩዝ የሚደርሰው በዓመት አንድ ጊዜ ነው፤ ድርጅቱ ግን በየወሩ ይገዛል። የዓመቱን ቀለብ በታኅሣሥና በጥር ገዝቶ በየወሩ እኩል የሚያወጣ ድርጅት ዕቃውን በአማካይ ስድስት ወር ያስቀምጣል። የባንክ ወለድ በዓመት 18 በመቶ ቢሆን ለስድስት ወር 9 በመቶ ነው፤ ለመጋዘንና ለብልሽት 4 በመቶ ቢታከል 13 ይሆናል። በዓመቱ ውስጥ ያለው የገበያ ዋጋ ከመኸሩ ዋጋ በአማካይ ከ13 በመቶ በላይ ከፍ የሚል ከሆነ በመኸር መግዛት ያዋጣል፤ ካልሆነ አያዋጣም። የራሱን ያለፉ ዓመታት ደረሰኞች አውጥቶ ይህን የሚያሰላ የግዥ ክፍል መልሱን በአንድ ከሰዓት ያገኘዋል።

አራተኛ፣ ያልተፈለፈለውን መግዛት ይሞከር። ሩዝ ከነቅርፊቱ ሲቀመጥ ከነጩ ይልቅ ይከርማል። ትልልቅ ገዢዎች፣ ለብቻ ካልቻሉ ሦስት አራት ሆነው፣ ዝርያው የተለየ ሩዝ ከዩኒየን ገዝተው ለወረታ ወፍጮ ባለቤት የፍልፈላ ክፍያ ሊከፍሉ ይችላሉ። የአንድ ዓመት የፍልፈላ ውል በእጁ የያዘ ባለ ወፍጮ የጎማ ሮለርና ጠጠር መለያ ለማስገባት ባንክ ፊት የሚቀርብበት ነገር አገኘ ማለት ነው። ፉርሽካው ለከብት መኖ፣ ስብርባሪው ለዱቄት ይሸጣል፤ ድርሻው በውሉ ይወሰን።

አምስተኛ፣ ለሙከራ የሚሆን ገንዘብና ሽፋን ለግዥ ክፍሉ ይሰጥ። የቦርዱ ወይም የሥራ አስኪያጁ ድርሻ እዚህ ላይ ነው። ከዓመቱ የሩዝ በጀት 10 በመቶው በአዲስ መንገድ እንዲገዛ አስቀድሞ በጽሑፍ ይፈቀድ፤ መለኪያው ይታወቅ፤ ሙከራው ቢከሽፍ ሠራተኛው በግል እንደማይጠየቅ፣ ጥቅም ከወሰደ ግን እንደሚጠየቅ ይለይ። ከዳነው ገንዘብም ለቡድኑ ጉርሻ ይታሰብለት። የሽያጭ ሠራተኛ ኮሚሽን ሲያገኝ ነውር ያልሆነው ገንዘብ ላዳነ የግዥ ሠራተኛ ሲሆን ነውር የሚሆንበት ምክንያት የለም።

ደላላውስ?

ይህን ሐሳብ የሚያነብ የወረታ ደላላ ከገበያ ሊያስወጡኝ ነው ብሎ ይሰጋ ይሆናል። ስጋቱ መሠረት የለውም ማለት አይቻልም፤ ዋጋ በመደበቅ ብቻ የሚኖር ደላላ ከተጻፈ መመዘኛ ጋር አብሮ መኖር ይከብደዋል። ነገር ግን የአዲስ አበባ ገዢ በየቀበሌው እየዞረ ከእያንዳንዱ ገበሬ ሊገዛ አይችልም። የትኛው ሰፈር የትኛውን ዝርያ እንደዘራ፣ የማን ሩዝ መሬት ላይ እንደተሰጣ፣ የማን በሸራ ላይ እንደደረቀ የሚያውቀው ደላላው ነው። ይህ እውቀት ዋጋ አለው። የእርጥበት መለኪያ ገዝቶ፣ በዝርያ ለይቶ፣ በስሙ ንግድ ፈቃድ አውጥቶ፣ በደረሰኝ ለሚያቀርብ ደላላ ከዛሬው ኮሚሽን የተሻለ ቋሚ ክፍያ በውል ሊታሰብለት ይገባል።

የደረሰኝ ጉዳይ ራሱ ትልቅ መሰናክል ነው። ገበሬው የቫት ደረሰኝ የለውም፤ ድርጅቱ ያለ ደረሰኝ ወጪውን መያዝ አይችልም። ብዙ የግዥ ክፍሎች ከመርካቶ የሚገዙት ሩዙ ስለሚሻል ሳይሆን ደረሰኙ ስለሚገኝ ነው። ይህም ቢሆን ሕጋዊ ሰውነት ባለው ዩኒየን ወይም በተመዘገበ ባለ ወፍጮ በኩል የሚገዛ ከሆነ መፍትሔ አለው።

አደጋው አይሸሸግ

ሥራው አልጋ በአልጋ አይደለም። ውል የገባው ገበሬ ዋጋ ሲጨምር ለሌላ ይሸጣል፤ ገዢውም ዋጋ ሲወርድ ‹‹ጥራቱ አልተሟላም›› ብሎ ይሸሻል። ሁለቱም በገብሱም በሌላውም ውል ታይተዋል። ዋጋን በቁርጥ ማሰር ለዚህ መንሥኤ ይሆናል። የሚሻለው መነሻ ዋጋ አስቀምጦ፣ በርክክቡ ሳምንት ያለውን የወረታ ገበያ ዋጋ መሠረት አድርጎ፣ ለጥራቱ የተወሰነ ጭማሪ መክፈል ነው። ገበሬው ከውሉ የሚወጣበት ምክንያት ያን ጊዜ ይቀንሳል።

ከዚህ በላይ የሚያሳስበው የጸጥታው ሁኔታ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል የተቀሰቀሰው ግጭት ጭነትን፣ የባንክ ዝውውርንና ስልክን ሲያውክ ቆይቷል። ሙሉ ፍላጎቱን በአንድ መንገድ ላይ የጣለ ገዢ ክበቡን ሊዘጋ ይችላል። ስለዚህ ነው ከ10 በመቶ መጀመር የሚያስፈልገው። በውሉም ውስጥ መንገድ ሲዘጋ ዕቃው ማን ዘንድ እንደሚቆይ፣ የመጋዘን ኪራዩን ማን እንደሚከፍል፣ ርክክቡ ስንት ሳምንት እንደሚራዘም አስቀድሞ ይጻፍ። እንዲህ ያለውን ነገር ‹‹ከአቅም በላይ›› በሚል አንድ ሐረግ ማለፍ ሙግት መጋበዝ ነው።

እነዚህ ሁሉ ለሩዝ ብቻ የሚሠሩ አይደሉም። በዚያው በፎገራ ሜዳ በበጋ በፓምፕ የሚለማው ሽንኩርትና ቲማቲም በደረሰ ጊዜ ዋጋው ወርዶ ገበሬው ያለቅሳል፤ ከወራት በኋላ የሆቴሎች የግዥ ክፍል በእጥፍ ይገዛል። ለከረጢት፣ ለመለዋወጫ፣ ለደንብ ልብስም ጥያቄው አንድ ነው። የሚገዛው ዕቃ ምን ሥራ እንዲሠራ ነው? ማንስ፣ መቼ፣ በምን ዓይነት ውል ቢያቀርበው ለሁለቱም ይሻላል?

በፎገራ ሩዝ የሚዘራው በሰኔና በሐምሌ ነው። ለሚቀጥለው መኸር ውል መግባት የሚፈልግ ድርጅት ናሙናውን ማብሰል፣ ደረሰኞቹን ማስላትና ወረታ ድረስ ሰው መላክ ያለበት ዘሩ መሬት ከመግባቱ በፊት ነው። ታኅሣሥ ላይ የሚደርሰው ሰው የሚያገኘው ሌሎች መርጠው የተዉትን ነው።